ኤማኑኤል ሪቫ፤ ከመርፌ ወደ መድረክ ዘግይታ የመጣች ሴት

ፈረንሳዮች ቴአትርን እንደ ትልቅ ሞያ ቈጥረው በትምህርት ቤት ያስተምሩታል። ከትምህርት ቤቶቹም ሁሉ የከበረው በፓሪስ ያለው ኮንሰርቫቷር የሚባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ነገር ግን በሩ የሚከፈተው ለወጣቶች ነው፤ ከተወሰነው ዕድሜ ያለፈ ሰው ለፈተና እንኳ አይቀርብም። በ1953 ዓ. ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ከምሥራቅ ፈረንሳይ ወደ ፓሪስ ለመጣች አንዲት ልብስ ሰፊ ይህ በር ዝግ ነበረ። ዕድሜዋ 26 ዓመት ነበረና ጊዜው አልፎባታል። ከ60 ዓመት በኋላ ግን ይህችው ሴት ኦስካር ለሚባለው የአሜሪካ ሽልማት እስከዚያ ቀን ድረስ ከታጩት ዋና ተዋንያት ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ ሆነች። በሁለቱ መካከል ያለውን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን እንነግራለን።

የተወለደችው የካቲት ወር በገባ በ24ኛው ቀን 1927 ዓ. ም. ቮዥ በሚባለው ተራራማ አገር፣ ሼኒሜኒል በምትባል መንደር ነው። አባቷ ዘሩ ከኢጣልያ የሚመዘዝ ቤት ቀቢ ነበረ። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ፖሌት ነው፤ ኤማኑኤል የተባለችው ወደ ቴአትር ከገባች ወዲህ ነው፤ ስሙም የእኛው አማኑኤል በፈረንሳዮች አፍ ለሴት ሲጠራ ነው። ያደገችው በዚያው አገር ረሚርሞን በሚባል ከተማ ነው። ቮዥ የፈትልና የሸማ ፋብሪካ የበዛበት አገር ስለ ሆነ ለድኻ ልጅ መርፌ መያዝ የሚያስደንቅ ነገር አልነበረም። እርስዋም ስፌት ተምራ ብዙ ዓመት በዚሁ ሥራ ኖረች። ከሥራ ስትወጣ የቴአትር መጻሕፍት ታነብ ነበር፤ በከተማይቱም ለፍቅሩ ብቻ ከሚጫወቱት ሰዎች ጋር ትጫወት ነበር። አንድ ቀን በጋዜጣ ላይ በፓሪስ ብላንሽ በሚባለው መንገድ ላይ የሚገኝ አንድ የቴአትር ትምህርት ቤት በውድድር ተማሪዎች እንደሚቀበል የሚናገር ማስታወቂያ አየችና ተነሥታ ሄደች።

በዚያ ከፈተኗት ሰዎች አንዱ የታወቀው ዣን ሜየር ነበረ፤ ችሎታዋን አይቶ ተማሪው አደረጋት፤ የመማሪያ ገንዘብም ተሰጣት። በ1954 ዓ. ም. በእንግሊዝኛ ጸሐፊው በበርናርድ ሾው ድርሰት መድረክ ላይ ወጣች። ታሪኳን የሚጽፉ ሰዎች በስፌት ያሳለፈቻቸውን ዓመታት እንደ ጠፋ ጊዜ ይቈጥሩታል። እኔ እንዲህ አይመስለኝም። ልብስ ሰፊ ሴት ቀኑን ሙሉ በዝምታ የሌላውን ሰው ትከሻና ወገብ፣ አቋምና መጕበጥ የምትመለከት ናት፤ ይህችም ሴት በኋላ የታወቀችበት ነገር ጥቂት ተናግሮ በሰውነት ብዙ ማሳየት ነው።

አለን ሬኔ የሚባለው የፊልም አዘጋጅ «ሂሮሺማ ፍቅሬ» ለተባለው ፊልም በመረጣት ጊዜ የሲኒማ ዓለም አያውቃትም ነበር። ድርሰቱን የጻፈችው ማርግሪት ዱራስ ናት። በ1958 ዓ. ም. ወደ ጃፓን ሄዱ፤ አቶሚክ ቦምብ ከተማይቱን ካጠፋት 13 ዓመት ሆኖ ነበር። በፊልሙ ሪቫ ስለ ሰላም በሚሠራ ፊልም ለመጫወት የመጣች ፈረንሳዊት ሆና አንድ ጃፓናዊ ትወዳለች፤ ለእርሱም በልጅነቷ በኔቨር ከተማ አንድ የጀርመን ወታደር መውደዷን፣ ወታደሩም ተገድሎ እርስዋ ጠጕሯን ተላጭታ በምድር ቤት መዘጋቷን ትነግረዋለች። አብሯት የተጫወተው ኤይጂ ኦካዳ ፈረንሳይኛ አያውቅም ነበርና ቃሉን በድምፁ ብቻ አጥንቶ ይናገር ነበር። ፊልሙ በ1959 ዓ. ም. በካን ከተማ ከሚወዳደሩት ፊልሞች መካከል እንዳይገባ ተደረገ፤ ምክንያቱም የአሜሪካን መንግሥት እንዳያስቀይም ተፈርቶ ነው። ነገር ግን ወሬው በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ የ32 ዓመቷም ሴት ታወቀች።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሥራ በማይኖርበት ሰዓት ፎቶግራፍ ማንሻ ይዛ በሂሮሺማ መንገድ ብቻዋን እየዞረች የሕፃናቱን፣ የድኾቹን ቤት፣ የወንዙን ዳር ሥዕል ታነሣ ነበር። ሥዕሎቹን ለ50 ዓመት ያህል ለሕዝብ ሳታሳይ አኖረቻቸው፤ በ2008 ዓ. ም. በዚያው በሂሮሺማ ታዩ፤ በመጽሐፍም ታተሙ።

በ1961 ዓ. ም. ዣን ፒየር ሜልቪል ባዘጋጀው «ሌዎን ሞረን፣ ካህን» በተባለው ፊልም ባርኒ የምትባል ባሏ የሞተባት የአንዲት ልጅ እናት ሆነች። አገሩ በጠላት እጅ ነው። ባርኒ በእግዚአብሔር የማታምን ሴት ናትና ካህኑን ለማፌዝ ወደ ኑዛዜ ስፍራ ትገባለች፤ ሃይማኖት ለሕዝብ ማደንዘዣ ነው ትለዋለች። ካህኑ (ዣን ፖል ቤልሞንዶ ነው) አይቈጣም፤ ይመልስላታል፤ መጽሐፍም ያውሳታል። ቀስ በቀስ ወደ እምነት ትመጣለች፤ ነገር ግን ሰውዬውንም ወደደችው። ይህ ሁለተኛው ነገር ፊልሙን ተራ ሊያደርገው ይችል ነበር፤ ሪቫ ግን የነፍስን ረኀብና የሥጋን ረኀብ በአንድ ፊት ላይ አድርጋ ስላሳየች ተመልካቹ የቱ የትኛው እንደ ሆነ መለየት ይቸግረዋል። ቤልሞንዶ ሲመሰገን የእርስዋ ድርሻ አነስ ተደርጎ መነገሩ ፍርድ ማጕደል ነው።

በሚቀጥለው ዓመት እርስዋ በተወለደችበት በ1927 ዓ. ም. ከታተመው ከፍራንስዋ ሞርያክ መጽሐፍ የተወሰደው «ቴሬዝ ዴኬሩ» ወጣ፤ ባሏን በመርዝ ለመግደል የሞከረችውን ሴት ሆና በቬኒስ የመጀመሪያውን የተዋናይት ሽልማት ተቀበለች።

ከዚያ ወዲያ ዝናዋ እየቀነሰ ሄደ። ለገበያ ብቻ የሚሠራ ፊልም አትወድም ነበርና የሚጠሯት አነሱ። ነገር ግን ሥራ አልፈታችም፤ በመድረክ ተጫወተች፣ በቴሌቪዥን ታየች፣ የግጥም መጻሕፍት አሳተመች። በ1993 ዓ. ም. ፖሎናዊው ክሽሽቶፍ ኪሽሎቭስኪ በሠራው «ሰማያዊ» በተባለው ፊልም ልጇን የማታስታውስ አሮጊት ሆና ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ታየች። አላገባችም፤ ልጅም አልወለደችም።

ሚካኤል ሃነኬ የሚባለው የኦስትርያ አዘጋጅ ግን በወጣትነቱ በሂሮሺማው ፊልም ያያትን ፊት አልረሳም። «ፍቅር» የተባለውን ፊልም ሲሠራ 84 ዓመት ሆኗት ነበር። አን የምትባለው የሙዚቃ መምህርት አንጎሏ ታምሞ ግማሽ ሰውነቷ አልታዘዝ ይላታል፤ በኋላም ቃሏ ይጠፋል፤ ባሏ (ዣን ሉዊ ትረንቲኛ) ያስታምማታል። ሪቫ እየተመላለሰች እንዳትደክም ሌሊቱን ፊልሙ በሚሠራበት ቤት በልብስ መለወጫዋ ክፍል ታድር ነበር። የፊልሙ ፍጻሜ ባል ሚስቱን በትራስ አፍኖ የሚገድልበት ስለ ሆነ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ እኔም አልቀበለውም። ነገር ግን የሚሞት ሰውነት እንዴት ክብሩን ለመጠበቅ እንደሚታገል ከዚህ ይልቅ በእውነት የተጫወተ ሰው አላየሁም። እጇን ታንቀሳቅስና እጁ አይመጣም፤ ሌላ ነገር የላትም፤ ይበቃል።

ፊልሙ በ2012 ዓ. ም. በካን የወርቅ ዘንባባውን ወሰደ። በየካቲት 2013 ዓ. ም. የእንግሊዝና የፈረንሳይ የመጀመሪያ የተዋናይት ሽልማት ለእርስዋ ሆነ። የኦስካር በዓል የተደረገው በዚያው ወር በ24ኛው ቀን፣ 86 ዓመት በሞላት ዕለት ነው፤ ሽልማቱን ግን የ22 ዓመቷ ጄኒፈር ሎውረንስ ወሰደች፤ ፊልሙ ራሱ ከውጭ አገር ፊልሞች የተመረጠ ተባለ።

በ2014 ዓ. ም. በፓሪስ የአቴልዬ ቴአትር ቤት የማርግሪት ዱራስን «ሳቫና ቤይ» ተጫወተች፤ ድርሻዋም ያለፈውን ነገር በቍርጥራጭ የምታስታውስ ያረጀች ተዋናይት ነው። በ87 ዓመት ያን ሁሉ ቃል በቃሏ አጥንታ በየምሽቱ መቆም ቀላል ነገር አይደለም። በፓሪስ ያረፈችው 90 ዓመት ሊሞላት 28 ቀን ሲቀረው፣ ጥር በገባ በ27ኛው ቀን 2017 ዓ. ም. ነው። በመጋቢት ወር በፈረንሳይ ሲኒማ ቤቶች በወጣ አንድ አስቂኝ ፊልም ላይ ሕዝቡ እንደ ገና አያት፤ በዚያም ወደ ሽማግሎች ማረፊያ አልወሰድም ብላ ጠፍታ በፓሪስ መንገዶች የምትዞር አሮጊት ሆና ነበር።