አንዲት መስኮትና 84 ነፍሶች



የዛሬው ታሪካችን የሚወስደን ወደ ሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ከምትገኘው ከሴንት ጆንስ ከተማ በስተምሥራቅ 267 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ «ኦሽን ሬንጀር» የተባለ ተንሳፋፊ የነዳጅ ጉድጓድ መቆፈሪያ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 በጃፓን የተሠራ፣ ርዝመቱ 121 ሜትር የሆነ ግዙፍ ነገር ነው። ከታች ሁለት ተንሳፋፊዎች፣ በእነርሱ ላይ ስምንት ምሰሶዎች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሥራው ወለል አለ። በተንሳፋፊዎቹ ጋኖች ውስጥ የባሕር ውሃ እያስገቡና እያስወጡ ሚዛኑን ይጠብቁለታል። ይህን ሥራ የሚመራው የመቆጣጠሪያ ክፍል ግን ባሕሩን በሚያዩ ክብ የመስታወት መስኮቶች ከአንዱ ምሰሶ ውስጥ ተቀምጧል። መስኮቶቹ በወጀብ ጊዜ የሚዘጉ የብረት ክዳኖች ነበሯቸው።

ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1982 ማታ ከባድ ወጀብ ተነሣ። ማዕበሉ ወደ 20 ሜትር ይደርስ ነበር። ክዳኖቹ አልተዘጉም ነበርና አንዱ ማዕበል መስኮቱን ሰበረው፤ የገባውም የባሕር ውሃ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳውን ኤሌክትሪክ አበላሸው። ሠራተኞቹ ውሃውን ጠርገው፣ ችግሩ ተወገደ ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ሌሊት ግን ግዙፉ ነገር ወደ ፊት ማዘንበል ጀመረ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። መርማሪዎች እንደደረሱበት፣ ሰሌዳው ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ ቢተው ኖሮ አደጋው ባልደረሰ ነበር። ሰዎቹ ግን የውሃ መዝጊያዎቹን በእጅ ለማንቀሳቀስ የተሠሩትን የነሐስ ዘንጎች አስገቡ። እንዘጋለን ብለው ከፈቱ። ለምን? ስለ አሠራሩ በሚገባ ያስተማራቸው አልነበረማ! ከሳምንት በፊት፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን፣ በዚያው የሚዛን ውሃ አያያዝ ስሕተት ወደ ጎን አዘንብሎ ነበር። ያ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ትምህርት ግን አልሆነም።

ከሌሊቱ 6፡52 ላይ የድረሱልን ጥሪ ተላለፈ። 7፡30 ሲሆን «ወደ ነፍስ አድን ጀልባዎች እየሄድን ነው» የሚል የመጨረሻ መልእክት ተሰማ። ለእርዳታ በቅርብ ትጠብቅ የነበረችው «ሲፎርዝ ሃይላንደር» መርከብ አንዲት ጀልባ አግኝታ ገመድ አሰረችላት። በዚያ ጨለማና ማዕበል መካከል ሰዎቹ ለመሻገር ሲነሡ ጀልባዋ ተገለበጠች። መርከበኞቹ መያዣ ወረወሩላቸው፤ እጃቸው ግን በብርድ ደንዝዞ ስለነበር ሊጨብጡት አልቻሉም። የደረሰላቸው ሰው ዐይናቸውን እያየ፣ መዳን በክንድ ርቀት ላይ እያለ ሞቱ። ከብርድ የሚጠብቅ የባሕር ልብስ ለሁሉም አልተዘጋጀም ነበር።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ «ኦሽን ሬንጀር» ሰጠመ። ከ84ቱ ሰዎች አንድም አልተረፈም፤ አስከሬናቸው የተገኘው የ22ቱ ብቻ ነው። ከሟቾቹ 56ቱ የኒውፋውንድላንድ ልጆች ነበሩ። በትንሽ አገር 56 ቤት በአንድ ሌሊት ሐዘን ተቀመጠ ማለት ነው።

የካናዳ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ሪፖርት፣ በአሠራሩ ላይ መጠነኛ ለውጥ ቢደረግና ሠራተኞቹ በቂ ዕውቀት ቢኖራቸው አደጋው ይቀር እንደነበር ገልጿል። ከዚያ ወዲህ በካናዳ ባሕር ላይ ለሚሠራ ሰው የነፍስ ማዳን ሥልጠናና የብርድ መከላከያ ልብስ ግዴታ ሆነ። ለቀሩት ጠቀመ፤ ለ84ቱ ግን ዘገየ።

ውድ አድማጮቻችን! ወጀቡን ማንም ሊያስቆመው አይችልም ነበር። በዚያው ሌሊት በአቅራቢያው ሌሎች ሁለት መቆፈሪያዎች ያንኑ ወጀብ ችለው አድረዋል። ልዩነቱ ክዳን መዝጋት፣ ልብስ ማዘጋጀት፣ ሰውን ማስተማር ነበር። ሰውን አደገኛ ሥራ ላይ አሰማርቶ አሠራሩን አለማስተማር አማናን መብላት ነው። ሰው ቀጥራችሁ የምታሠሩ፣ ልጃችሁን ለሥራ የምትልኩ ሁሉ ይህችን መስኮት አስታውሱ፤ ክዳኑ የሚዘጋው ወጀቡ ሳይመጣ ነው።