በውሻ ስም የተሸፈነችው ድመት፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ታሪክና የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች

መግቢያ

በአማርኛ «የእብድ ውሻ በሽታ» የሚባለው ደዌ በአፋን ኦሮሞም የሚጠራው በውሻ ስም ነው። ስያሜው ያለ ምክንያት አልተሰጠም፤ በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙት ሰዎች እስከ 99 በመቶ የሚደርሱት የሚያዙት ከውሻ ነው። ይሁን እንጂ ቫይረሱ አጥቢ እንስሳትን ሁሉ የሚያጠቃ በመሆኑ፣ ስሙ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምትኖረውን ድመት ከዓይናችን ሰውሯታል። ይህ ጽሑፍ የክትባቱን ታሪክ በአጭሩ በመዳሰስ ድመትን ለምንና መቼ መከተብ እንደሚገባ ለጤና ባለሙያዎች ለማሳየት ይሞክራል። ዘመናቱ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከንክሻ በኋላ የሚሰጥ ክትባት

ሉዊ ፓስተር በሐምሌ 1885 ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ በእብድ ውሻ ከተነከሰ በኋላ በመከተብ አዲስ ምዕራፍ ከፈተ። በአገራችን በ1903 አዲስ አበባ ላይ የተከሰተው ወረርሽኝ በጽሑፍ ከቆዩት ቀደምት መረጃዎች አንዱ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1970 ባሳተሙት ጥናት የበሽታውን ታሪክና ሕዝቡ ይጠቀምባቸው የነበሩትን ባህላዊ ሕክምናዎች መዝግበዋል። እንዶድን የመሳሰሉ ዕፅዋትን የመጠቀም ልማድ እስከ ዘመናችን ዘልቋል፤ ተነካሹ ወደ ጤና ተቋም የሚመጣበትን ጊዜም ሲያዘገይ ኖሯል።

ዘመናዊው ክትባት በአዲስ አበባ የፓስተር ተቋምና በተተኪዎቹ ላቦራቶሪዎች አማካይነት ሲዳረስ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት ያገለገለው ከእንስሳት አንጎል የሚዘጋጀው የፌርሚ ክትባት ነበር። ተነካሹ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር። ክትባቱ የነርቭ ሕብረ ሕዋስ ስላለበት አልፎ አልፎ ከባድ የነርቭ ጉዳት ያስከትላል። በዚህም የተነሣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1984 እንዲቀር የመከረ ቢሆንም፣ በአገራችን ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። በሕዋስ እርባታ የሚዘጋጁት ክትባቶች እጅግ የተሻሉ ናቸው።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው መርፌው ዘወትር የሚፈለገው ሰው ከተነከሰ በኋላ እንደነበር ነው። ጃፓን ግን ገና በ1920ዎቹ ውሾችን በብዛት መከተብ ጀምራለች። ከውሾች ቢያንስ 70 በመቶ ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት እንደሚቋረጥም ተረጋግጧል።

ድመትና የሐረርጌ ቤት

ድመት የራሷ የሆነ የቫይረሱ ዝርያ የላትም፤ የምትያዘው በአብዛኛው ከታመመ ውሻ ወይም ከዱር እንስሳ ነው። በጭሮ፣ በሂርና፣ በበደሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶ ድመት የምትያዘው ለጌጥ ሳይሆን ማሽላና በቆሎን ከአይጥ እንድትጠብቅ ነው። ሌሊት በየግቢው ስትዞር ከውሻና ከአውሬ ጋር ትገናኛለች፤ ሲነጋ ተመልሳ ከሕፃናት ጋር ትተኛለች። በታመመች ጊዜ ብዙውን ጊዜ ቁጡና ተናካሽ ትሆናለች። ጥርሷ ቀጭን ስለሆነ የንክሻው ቀዳዳ ትንሽ ቢመስልም ጥልቅ ነው። «ድመት ናት» ተብሎ የታለፈ ጭረት በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል።

ርቀትም ሌላው ችግር ነው። የበሽታው የላቦራቶሪ ምርመራ ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባ ብቻ ተወስኖ የቆየ ሲሆን፣ ጭሮ ከዚያ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስለዚህ የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ሕክምናን ማዘግየት አይገባም። ሂርና ላይ ያለውን የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ጨምሮ ከእንስሳት ሐኪሞች ጋር ተባብሮ መሥራት የጤና ጣቢያዎች ድርሻ ነው።

መቼ ይከተባል?

ድመት የመጀመሪያውን ክትባት የምታገኘው በ3 ወር ዕድሜዋ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ክትባቱ ዓይነት በየዓመቱ ወይም በየ3 ዓመቱ ይሰጣል። የመጀመሪያው ክትባት በቂ መከላከያ እስኪያስገኝ 3 ወይም 4 ሳምንት ስለሚፈጅ፣ በሽታው በሰፈር መኖሩ እስኪሰማ መጠበቅ አያዋጣም። የድመት ክትባት የውሻን አይተካም፤ ውሾችን በሚከተብ ዘመቻ ላይ ግን ድመቶችን መጨመር ትልቅ ዝግጅት አይጠይቅም።

ድመት የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ቆዳው ተበስቶ ወይም ደምቶ ከሆነ ከክትባቱ ጋር ኢሚዩኖግሎቡሊን ያስፈልገዋል። ድመቷ ብትከተብም በበሽታው አካባቢ ሕክምናው ሳይዘገይ ይጀመራል፤ ለ10 ቀናት ታስራ ጤነኛ ከሆነች ሊቋረጥ ይችላል።

ማጠቃለያ

የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በውሻ አማካይነት የሚመጣውን የሰው ሞት እስከ 2030 ለማስቀረት አቅደዋል። ዕቅዱ እንዲሳካ መርፌው ከተነካሹ ሰው አስቀድሞ ወደ እንስሳው መድረስ አለበት። ስለዚህ «ውሻ ነክሶሃል ወይ?» ብለን የምንጠይቅ የጤና ባለሙያዎች «ድመትስ?» የሚለውንም እንጨምር።