በፊደል ቤት ሥርዓትን ስለ መጠበቅና ስለ ማስተማር ዘዴ

ስለ ቀድሞው የቄስ ትምህርት ቤት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለሚጠናው መጽሐፍ እንጂ ስለ አጠናኑ አይደለም። አንድ መምህር በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር አጠገብ ተቀምጦ፥ በልዩ ልዩ ደረጃ ላይ ያሉትን ሕፃናት ባንድ ጊዜ እንዴት ሊይዛቸው ቻለ? ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ ያየሁት ነገር ነው። ስልሳ ያህል ልጆች በተሰበሰቡበት ክፍል መምህሩ አንዱን ሲያርም የቀሩት ሥራ ፈትተው ይንጫጩ ነበር፤ እኔም ከኋላ ተቀምጬ አያቴ ፊደል የቈጠሩበትን ቤት አስብ ነበር።

በፊደል ቤት ሕፃናቱ በአንድነት ቢጮኹም ትምህርቱ የየብቻ ነው። አንዱ ፊደል ሲቈጥር፥ ሁለተኛው የዮሐንስን መልእክት ያነባል፤ ሦስተኛው ከ150ው የዳዊት መዝሙር አንዱን ይደግማል። ይህ ድምፅ ለመንገደኛ ሁከት ይመስለው ይሆናል፤ ለየኔታ ግን የሥራ ምልክት ነው፤ ዝም ያለ ልጅ ወዲያው ይታወቃልና።

ሕፃኑ ሀሁን በተራ ከጨረሰ በኋላ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል። በሀሁ ገበታ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ተከታትለው ስለሚሄዱ፥ ጆሮው የለመደ ልጅ መልካቸውን ሳያይ በዜማ ብቻ ይወጣቸዋል። አቡጊዳ ግን አ፥ ቡ፥ ጊ፥ ዳ፥ ሄ፥ ው፥ ዞ እያለ ፊደሉንም ድምፁንም እየለወጠ ስለሚዘል፥ በስንደዶ እየጠቈመ ካላየ በቀር አይሆንለትም። እርግጥ ነው፥ አቡጊዳም ውሎ አድሮ በቃል ይያዛል። ሆኖም የቀድሞው ትምህርት ሽምደዳ ብቻ ነበር የሚሉ ሰዎች ይህን ገበታ ጥቂት ቆመው ቢመለከቱት መልካም ነበር፤ የተሠራው ሽምደዳን ለማጋለጥ ይመስላልና።

ደግሞም የኔታ ሁሉን ብቻውን አይሰማም። ዳዊት የደረሰው ልጅ ፊደል ቈጣሪውን ያስቈጥራል፤ በቅኔ ቤትም የበረታው ተማሪ ለጀማሪው ግሥ ያስነግራል። በእንግሊዝ አገር ይህን የመሰለ ዘዴ ዝነኛ የሆነው፥ እንድሩ ቤል በማድራስ የሞከረውን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1797 በጽሑፍ ካወጣ፥ ዮሴፍ ላንካስተርም በ1798 በለንደን ትምህርት ቤት ከከፈተ በኋላ ነው። ምክንያታቸው ግን አንድ አይደለም። በለንደን የተፈለገው በጥቂት ገንዘብ ብዙ የድኻ ልጆችን ማስተማር ነበር፤ በእኛ ዘንድ ማስተማር ራሱ የመማር አንድ ደረጃ ነው።

አለንጋውን መሸፈን አይገባም። ቁንጥጫና ግርፋት የተለመደ ነበር፤ የሚኰበልለውንም ልጅ እግሩን ማሰር ነበረ።

በዚያው አቈጣጠር በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ መምህራን ሲከፈት፥ ልጆችን በክፍል መድቦ አንዱን ትምህርት ባንድ ጊዜ ለሁሉ የመስጠት ሥርዓት መስፋፋት ጀመረ። በእኔ አስተያየት አዲሱ ትምህርት ቤት ከአሮጌው የወረሰው በኅብረት ማነብነብንና አለንጋን ነው፤ የተወው ደግሞ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ማድመጥንና ታላቁ ታናሹን ማስተማሩን ነው። በ1987 ዓ. ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከሚደርስ የአካል ቅጣት ነፃ አድርጓል።

እኔ ባየሁት ክፍልም አለንጋ አልነበረም። ነገር ግን አንዲት ልጅ፥ መምህሩ ወደ ሰሌዳው በዞረ ጊዜ፥ ባጠገቧ የተቀመጠውን ልጅ ጣት ይዛ በደብተሩ ላይ ፊደል ታስቈጥረው ነበር። መምህሩም ዘወር ብሎ ባያት ጊዜ «አትረብሺ» ብሎ ወደ ሌላ ወንበር አዛወራት።