ራስ ቅል ዘለቅ ማነቃቂያ

ትራንስክራኒያል ስቲሙሌሽን የሚባለውን የአንጎል ሕክምና ቃል «ራስ ቅል ዘለቅ ማነቃቂያ» ብንለው ያስኬዳል። አጥንት አይከፈትም፣ ማደንዘዣ የለም። በኮረንቲ በሚሠራው ዓይነት፣ በጨው ውሃ የራሰ ስፖንጅ ያላቸው ኤሌክትሮዶች ራስ ላይ ይታሰሩና ከ1 እስከ 2 ሚሊአምፔር የሚሆን ኮረንቲ ለ20 ደቂቃ ያህል ይለቀቃል። ሰውየው ቁጭ ብሎ ያወራል፤ የሚሰማው ቢኖር ቆዳው ላይ እንደ ማሳከክ ያለ ነገር ነው። ለጽኑ ድባቴ ከሚሰጠው «ሾክ» ጋር እንዳይምታታ፦ ያኛው በማደንዘዣ አስተኝቶ ሆን ብሎ አንጎልን የሚያንቀጠቅጥ ነው፤ የማስታወስ ችሎታንም ሊያውክ ይችላል።

ይህን ያህል ደካማ ኮረንቲ ምን ይሠራል? የአንጎል ሴሎች በምት ነው የሚነጋገሩት። ኮረንቲው ዘፈኑን አይዘፍንላቸውም፣ ጭብጨባውን ግን ሊያስይዛቸው ይችላል።

የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ጥናት ነገሩን በደንብ ያሳያል። ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 88 የሆነ 150 ሰዎች ተሳትፈዋል። 20 ቃላት ይቀርቡላቸዋል፤ ከዚያ የያዙትን ይናገራሉ። በተከታታይ አራት ቀን ለ20 ደቂቃ ያህል፣ በግንባር በኩል በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ ኮረንቲ ያገኙት የዝርዝሩን መጀመሪያ ቃላት በተሻለ አስታወሱ፤ ወደ ኋላ ወረድ ብሎ በሴኮንድ 4 ጊዜ የሚመላለስ ያገኙት ደግሞ የመጨረሻዎቹን። የፊተኛው የቆየ ትውስታ፣ የኋለኛው ለአፍታ በጭንቅላት የሚያዝ ነገር ነው። ለማነጻጸሪያ ኤሌክትሮዱ ታስሮላቸው ኮረንቲው ለይስሙላ ብቻ የተነካካላቸውም ነበሩ። ለውጡ ከወር በኋላም ታይቷል። ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን ሌላው ሙከራቸው ነው፦ ሁለቱ ምቶች ቦታ ሲለዋወጡ ጥቅሙ ጠፋ።

ይህ ማለት ታዲያ መርሳት መድኃኒት ተገኘለት ማለት አይደለም። ከዚያ በፊትም በኋላም የተሠሩ ጥናቶች ውጤታቸው አንድ ወጥ አይደለም፤ አንዱ ያገኘውን ሌላው ሲደግመው የሚያጣበት ጊዜ አለ። አብዛኛው ኮረንቲ አንጎል ሳይደርስ በቆዳና በአጥንት መቅረቱም አንዳንድ ሳይንቲስቶችን ያጠራጥራል፤ ጥርጣሬያቸው ተገቢ ይመስለኛል።

መሣሪያው በ9 ቮልት ባትሪ መሥራቱ ደግሞ የሚፈትናቸው ሰዎች አሉ፤ ሽቦ ገዝተው ቤት ውስጥ ይሞክራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአንጎል ተመራማሪዎች ስለ እነዚሁ ሰዎች ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር፦ ኮረንቲው ኤሌክትሮዱ ካረፈበት ቦታ አልፎ ይሄዳል፣ አንዱን ችሎታ ሲያሻሽል ሌላውን ሊጎዳ ይችላል፣ ለውጡም ከታሰበው በላይ ሊቆይ ይችላል።