የማይረሳ ደም

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። አጎቷ ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከጉሮሮ የላይኛው ጫፍ የሚነሳው ካንሰር ተገኝቶበት ውጭ አገር በጨረር ታክሞ ተመልሷል። ዕጢው ጠፍቷል ተብሏል። አሁን በተደረገለት የደም ምርመራ ግን የቫይረሱ አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) ከፍ ብሎ ተገኘ። «ቲቸር፣ ተመልሶበት ነው?» አለችኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሳይንስ ታሪክ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከታሪኩ ልጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

በ1961 ዴኒስ በርኪት የሚባል ኡጋንዳ የሚሠራ ቀዶ ሐኪም ለንደን ላይ ንግግር አደረገ። የሕፃናትን መንጋጋ ስለሚያሳብጥ ዕጢ ነበር። ከአድማጮቹ አንዱ አንቶኒ ኤፕስታይን ይህ ነገር ቫይረስ ሳይኖርበት አይቀርም ብሎ ጠረጠረ። ከዚያ ከኡጋንዳ ናሙና በአውሮፕላን ማስመጣት ጀመረ፤ ግን ለሁለት ዓመት ያህል ምንም የለም። ታኅሣሥ 1963 አንዱ አውሮፕላን በጉም ምክንያት ማንችስተር አረፈ። ናሙናው ዘግይቶ ሲደርስ ፈሳሹ ደፍርሷል። ባክቴሪያ ገብቶበታል ብሎ መድፋት ይቻል ነበር እኮ! ኤፕስታይን ግን በማይክሮስኮፕ አየው፤ ያደፈረሱት ከዕጢው ተላቀው የሚንሳፈፉ ሕያው ሴሎች ናቸው። ከበርት አቾንግና ከኢቮን ባር ጋር ሆኖ በ1964 ቫይረሱን ያሳወቀው ከእነዚህ ሴሎች ነው። ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ የሚባለው ይኸው ነው።

የጉሮሮው ካንሰር የመጣው ሳይጠበቅ ነው። በ1966 አሜሪካ ውስጥ የበርኪትን ዕጢ አንቲቦዲ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች የሌሎች ሕመምተኞችንም ደም አብረው መረመሩ። የዚህ የጉሮሮ ካንሰር ታማሚዎች ደምም ምላሽ ሰጠ።

ችግሩ ግን፣ ከአሥር አዋቂ ዘጠኙ ይህ ቫይረስ አለበት። አንቲቦዲ ተገኘ ማለት ብቻውን ወሬ አይሆንም። ፊላደልፊያ ይሠሩ የነበሩት ባልና ሚስት፣ ቨርነርና ገርትሩድ ሄንለ፣ በ1976 መፍቻውን አገኙ፤ ቁም ነገሩ የአንቲቦዲው ዓይነት ላይ ነው። አይጂኤ የሚባለው፣ ሰውነት በአፍንጫና በጉሮሮ እርጥብ ገጽ ላይ የሚያመነጨው ዓይነት፣ በነዚህ ታማሚዎች ደም ጎልቶ ይታያል። ይህን ይዞ ዜንግ ዪ የተባለ ቻይናዊ የቫይረስ ተመራማሪ፣ በሽታው በሚበዛበት በጓንግሺ ከ140 ሺህ በላይ ጤነኛ ሰዎችን አስመረመረ። ምንም ሳያማቸው ካንሰሩ የተገኘባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ገና በጅምሩ።

አንቲቦዲ ቀድሞ በማወቅ ጎበዝ ነው። በሌላው ቫይረስ፣ በኤችፒቪ በሚመጣው የቶንሲልና የምላስ ሥር ካንሰርም እንደዚሁ ታይቷል። በ2013 አውሮፓ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ ከታማሚዎቹ ሲሶ በሚሆኑት ተቀምጦ የቆየ ደም ውስጥ አንቲቦዲው ተገኘ፤ አንዳንዱ ደም በሽታው ከመታወቁ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ የተቀዳ ነው።

መርሳት ላይ ግን ሰነፍ ነው። ዕጢው ከጠፋ በኋላም ሰውነት ማምረቱን ቶሎ አያቆምም፤ ጦርነቱ አልቆ በር ላይ እንደቀረ ዘበኛ በሉት። ቁጥሩ ለመውረድ ወራትና ዓመታት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይወርድም። ሆንግ ኮንግ ላይ ዴኒስ ሎና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1999 በሌላ መንገድ ሄዱ፤ ከሚሞቱ የዕጢ ሴሎች ወደ ደም የሚፈሰውን የቫይረሱን ዲኤንኤ ለኩ። ይህ ቁራጭ ከደም የሚጠፋው በሰዓታት ነው። ዕጢው ሲጠፋ ይወርዳል፣ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ እንደገና ይወጣል።

ለተማሪዬ «ወረቀቱ ላይ የተለካው አንቲቦዲ ነው ወይስ ዲኤንኤ?» ብዬ ጠየቅኋት። ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። አይጂኤ አንቲቦዲ ነው። እንግዲህ ቁጥሩ ብቻውን ተመለሰ አያሰኝም፤ አልተመለሰምም አያሰኝም። ጉሮሮው በካሜራ መታየት፣ አንገቱም መዳሰስ አለበት። የዲኤንኤውን ምርመራ ሐኪሙን እንድትጠይቀው ነግሬያታለሁ። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው።