ነጩ ቤተ መቅደስ የማን ነው?

የቡድሃ ቤተ መቅደስ ሲባል መቼም ብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚለው ወርቅ ነው። በሰሜን ታይላንድ፣ ከቺያንግ ራይ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው ዋት ሮንግ ኩን ግን ከጣሪያው እስከ ድልድዩ ነጭ ነው። በልስኑ ላይ የተለጠፉት የመስተዋት ቁርጥራጮች ፀሐይ ሲያርፍባቸው ዓይን ያጥበረብራሉ። በግቢው በወርቅማ ቀለም ያጌጠ ሕንፃም አለ። እሱ ሽንት ቤቱ ነው! ቀልድ አይደለም። ለሠዓሊው ለቻለርምቻይ ኮሲትፒፓት ነጩ የቡድሃ ንጽሕና፣ ወርቁ ደግሞ የሰው ልጅ ምኞትና የገንዘብ ፍቅር ነው።

ቻለርምቻይ የዚሁ መንደር ልጅ ነው፤ በ1955 እ.ኤ.አ. ተወለደ። በ1980ዎቹ ከባልደረባው ከፓንያ ዊጂንታናሳርን ጋር ለንደን፣ ዊምብልደን ያለውን የታይ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ሲሥሉ፣ በቡድሃ የሕይወት ታሪክ መሐል ማርጋሬት ታቸርን ዶሉበት። ወግ አጥባቂው ተንጫጫ። በ1997 ያረጀውንና ገንዘብ ያጠረውን የመንደሩን ቤተ መቅደስ በራሱ ወጪ እንደ አዲስ ሊሠራ ሲነሳ ግን የሚቆጣው ሰው እንዳይኖር ዘዴ ዘየደ፤ ከአንድ ሰው ከ10 ሺሕ ባህት፣ ማለትም ከ300 ዶላር ገደማ በላይ ስጦታ አልቀበልም አለ። ብዙ የሰጠ ብዙ ያዛል ብሎ ነው። አልተሳሳተም። የእኛን ናርጋ ሥላሴን ያየ ሰው፣ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው መሣላቸውን ያስታውሳል። ያሠራ ሰው ግድግዳው ላይ ቦታ አያጣም።

ታዲያ ባለጸጋ ያላዘዘው ግድግዳ ምን ይመስላል? መጀመሪያ ከመሬት ወደ ላይ በተዘረጉ በመቶ በሚቆጠሩ እጆች መሐል፣ በጠባብ ድልድይ ታልፋላችሁ። እጆቹ ያልተገራ ምኞት ናቸው። ከተሻገሩ ወዲያ በዚያው መመለስ የለም፤ አስተናባሪዎቹ “ወደ ፊት!” ይላሉ። ውስጥ ቡድሃ በእርጋታ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ ላይ ግን የኒው ዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ይነድዳሉ፤ ሱፐርማንና ማይክል ጃክሰንም አሉ። ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። ለእኔ ይህ ግድግዳ ከውጩ ንጣት ይበልጣል። የድሮ ሠዓሊዎችም ገሃነምን የሞሉት በዘመናቸው በሚያውቁት ሰው ነበርና።

ነገር ግን ከባለጸጋ ነፃ የወጣ ቤት ከሠዓሊውስ ነፃ ነው ወይ? በግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. በሬክተር ስኬል ከ6 በላይ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢውን መታው። የጣሪያው ጫፍ ረገፈ፣ ሥዕሎቹ ተሰነጣጠቁ። ቻለርምቻይ “ይፍረስ” አለ። ባለሙያዎች መርምረው የሕንፃው አጥንት ደህና ነው ሲሉት ደግሞ “እጠግነዋለሁ” አለ። ሁለቱንም የወሰነው እሱው ነው። ምእመናን የሚሰግዱበት ቤት በአንድ ሰው ቃል ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር ማለት ነው።

ግንባታው እስከ 2070 እ.ኤ.አ. ድረስ እንዲቀጥል ታቅዷል። እሱ ያኔ በሕይወት ቢኖር 115 ዓመቱ ነው፤ ስለዚህ የሚቀጥሉለት ተማሪዎች አሠልጥኗል። ከእነሱ አንዱ ተነሥቶ የራሱን ታቸር ልሣል ቢል ማን ይፈቅድለት ይሆን?