በኬታሚን የታገዘ የምክክር ሕክምና

አውቶቡስ ተራ አጠገብ ለመንገደኛ ሻይና ዳቦ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ እሳት ላይ ናቸው። የብዙ ዓመት ደንበኛቸው ስለሆንኩ የልጆቻቸውን ነገር ሁሉ አውቃለሁ። በቅርቡ አንድ ጠዋት ሻዩን ሳይቀዱልኝ አጠገቤ ቁጭ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ የተማርክ አይደለህ፤ ኬታሚን ምንድን ነው?» አሉኝ።

አሜሪካ ያለው ልጃቸው ድባቴ ይዞት ለረጅም ጊዜ ሲሠቃይ ኖሮ ሐኪሞቹ አዲስ ሕክምና እንደጀመሩለት በስልክ ነግሯቸዋል። የሕክምናውን ስም የጠራላቸው በእንግሊዝኛ ነው። ከስሙ ጆሯቸው ውስጥ የቀረችው ይህች አንዲት ቃል ነበረች። ቃሏን ይዘው መድኃኒት ቤት ጠየቁ፤ «ማደንዘዣ ነው» ተባሉ። ቤታቸው እስኪደርሱ ማደንዘዣው «አደንዛዥ» ሆነባቸው። «ልጄን ዕፅ አስለመዱብኝ» እያሉ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ባይናቸው አልዞረም።

ይህን የምጽፈው ስለ እነዚያ ሁለት ሌሊቶች ስል ነው። የአንድ ስም ግማሹ ብቻ ሲደርስ ሰውን ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ አይቻለሁና ስሙን ሙሉ አድርገን ወደ አማርኛ እናምጣው።

መድኃኒት ቤቱ አልዋሸም፤ ኬታሚን ማደንዘዣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ካልቪን ስቲቨንስ የተባለ የኬሚስትሪ ባለሙያ ፓርክ ዴቪስ ለተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ኩባንያ ሠራው። በ1970 ለሕክምና ተፈቀደ። ከ1985 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ሰፍሯል። ከብዙዎቹ ማደንዘዣዎች የሚለየው ትንፋሽን ብዙም ባለማዳከሙና የደም ግፊትን ባለመጣሉ ነው። ውድ የሰመመን መሣሪያና አስተማማኝ መብራት በሌለበት ሆስፒታል ሳይቀር ቀዶ ሕክምና ያሠራል። እኛም አገር የቀዶ ሕክምና ክፍል ያለው ሐኪም ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ለኢትዮጵያ አዲስ የሆነው መድኃኒቱ ሳይሆን የተሰጠው ሌላ ሥራ ነው።

የእናቲቱ ጭንቀት ግን የእሳቸው ብቻ አልነበረም። ቻይና ኬታሚን በየመዝናኛው ለስካር መሸጡ ስላስቸገራት እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም አቀፍ የዕፅ ቁጥጥር ሥር ይዋል የሚል ሐሳብ ለተባበሩት መንግሥታት አቅርባ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት አልተስማማም። ቁጥጥሩ ከጠበቀ ሌላ ማደንዘዣ የሌላቸው የድሃ አገር ሐኪሞች ያለ መድኃኒት ይቀራሉ የሚል ሥጋት ተነሥቶ ሐሳቡ ሳይወሰን ቀረ። ማደንዘዣ ነው ወይስ አደንዛዥ? ሻይ ቤቱ ውስጥ የተነሣው ጥያቄ ያን ጊዜ መንግሥታትንም አከራክሯል።

ሁለቱም ቃላት የተወለዱት «ደነዘዘ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ሰዋስዋቸው ግን ይለያያል። «ማደንዘዣ» እንደ መቁረጫና እንደ መክፈቻ የመሣሪያ ስም ነው፤ ሰው በልክ ይይዘዋል፣ ሲፈልግ ያስቀምጠዋል። «አደንዛዥ» ደግሞ እንደ ገዳይና እንደ ነጂ የአድራጊ ስም ነው፤ ሰውየውን የሚይዘው እሱ ነው። በመድኃኒትና በዕፅ መካከል ያለውን ልዩነት ቋንቋችን ራሱ ከዚህ በላይ አጥርቶ ሊያስቀምጠው አይችልም።

ይሁንና ለአዲሱ ሕክምና «ማደንዘዣ»ም አይሆንም። ለድባቴ በተለመደው አሰጣጥ መጠኑ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በደም ሥር በ40 ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያለ ይገባል። ለቀዶ ሕክምና ከሚሰጠው በእጅጉ ያነሰ ነው። ታካሚው አይተኛም። ከሰውነቱ ትንሽ ፈቀቅ ያለ፣ ራሱንና ኑሮውን ከራቅ ካለ ቦታ የሚመለከት ይመስለዋል። ስለዚህ «ኬታሚን» እንደ ፔኒሲሊንና እንደ ኢንሱሊን በስሙ ይጠራ።

ሐኪሞች ወደዚህ መድኃኒት ፊታቸውን ያዞሩት በፍጥነቱ ነው። ፍሉኦክሲቲንን ወይም አሚትሪፕቲሊንን የመሳሰሉት የድባቴ መድኃኒቶች ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈጃሉ፤ ጭራሽ የማይረዷቸው ሕሙማንም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በጥቂት ሕሙማን ላይ ባደረጉት ሙከራ ኬታሚን በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ስሜትን ሲያሻሽል አዩ። መድኃኒቱ በአንጎል ውስጥ ግሉታሜት የተባለው ንጥረ ነገር የሚያስተላልፈውን መልእክት ይነካል፤ የቀድሞዎቹ በአብዛኛው የሚሠሩት በሴሮቶኒንና በመሰሎቹ በኩል ነው። በ2019 ኤስኬታሚን የተባለው የቅርብ ዘመዱ በአፍንጫ የሚነፋ ሆኖ ሌላ መድኃኒት ላልሠራላቸው የድባቴ ሕሙማን በአሜሪካ ተፈቀደ።

ነገር ግን የአንድ ጊዜ መጠን የሚያመጣው እፎይታ አብዛኛውን ጊዜ ከቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይከስማል። የስሙ ሌላኛው ግማሽ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ባለሙያዎቻችን ይህን ግማሽ «ሳይኮቴራፒ» ወይም «የሥነ ልቦና ሕክምና» ይሉታል። ስሕተት የለበትም፤ ግን ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ለሻይ ቤቷ እናት አይነግራቸውም። የሙያው ቃላት ገና ልጅ ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ስፔሻሊስቶቹ ውጭ ተምረው በባዕድ ቃል ይመለሱ ነበር። «የንግግር ሕክምና» የሚሉም አሉ፤ ይህ ስም ግን መንተባተብንና የመናገር ችግርን ለሚያክመው ሙያ ተይዟል።

«ምክር» ብንልስ? ምክር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሽማግሌ ለወጣት፣ የንስሐ አባት ለልጁ ይሰጠዋል። ድባቴ የያዘው ሰው ደግሞ ምክር አጥቶ አያውቅም። «በርታ፣ ተነሥ፣ ከሰው ተቀላቀል» ሲባል ነው የከረመው፤ መነሣት ግን አልቻለም። አማርኛ ግን አንዲት ፊደል በመድገም ነገሩን ይቀይረዋል። ምክር «ምክክር» ሲሆን የሁለት ወገን ሥራ ይሆናል፤ ሐኪሙም ይጠይቃል፣ ታካሚውም ይጠይቃል፤ የሚደረሰውም አብሮ ነው። ቃሉ ዛሬ ዛሬ አገራዊውን ምክክር ያስታውስ ይሆናል፤ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። ስለዚህ ሙሉ ስሙ «በኬታሚን የታገዘ የምክክር ሕክምና» ቢባል እላለሁ።

«የታገዘ» ማን ነው? ኬታሚኑ አይደለም፤ ሕክምናው ነው። ይህን ለእናቲቱ ያስረዳሁት ፊት ለፊታችን በቆመው አውቶቡስ ነበር። ረዳቱ ይጣራል፣ በር ይከፍታል፣ ዕቃ ይጭናል፣ የደከመውን ደግፎ ያሳፍራል፤ መሪውን ግን አይነካም። ኬታሚን ረዳት ነው። ለወራት ተዘግቶ የኖረውን በር ይከፍታል፤ መንገዱን የሚሄዱት ታካሚውና አካሚው እየተመካከሩ ነው።

መንገዱ የሚጀምረው ከመድኃኒቱ ቀድሞ ነው። ታካሚው ምን እንደሚፈራ፣ ምን እንደሚሻ፣ ልቡና የደም ግፊቱ እንዴት እንደሆኑ አስቀድሞ ይነጋገሩበታል። በመድኃኒቱ ዕለት ጸጥ ባለ ክፍል ጋደም ይላል፤ ባለሙያ ከአጠገቡ አይለይም፤ የደም ግፊቱ ይለካል። በቀጣዮቹ ቀናት ተመልሰው ይቀመጡና ያየውንና የተሰማውን ከኑሮው ጋር ያዛምዱታል፦ ከአባቱ ጋር ከተኳረፈበት ነገር፣ ትቶት ከመጣው ሥራ፣ ካልተለቀሰ ሐዘን ጋር። ለእኔ ትልቁ ሥራ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚወስደውም እሱ ነው።

ለሁሉም ሰው የሚሆን አይደለም። ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም ላለበት፣ የደም ግፊቱ ላልተስተካከለ ሰው አደጋ አለው። ያለ ሐኪም ደጋግሞ የሚወስደው ሰው ሱስ ሊይዘው፣ የሽንት ፊኛውም ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ኬታሚን ብቻውን ያለው የጥናት ማስረጃም ከምክክር ጋር ሲጣመር ካለው ገና የበዛ ነው። እውነቱ ይህ ስለሆነ መነገር አለበት።

አብሮ ማከም ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በእንጦጦ ማርያም ጸበል የሥነ አእምሮ ሐኪሞችና አጥማቂዎች ተባብረው ሲሠሩ፣ ታማሚው ከጸበሉም ከመድኃኒቱም ሳይለይ ሲታከም የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። እዚሁ አውቶቡስ ተራው ባለበት አዲስ ከተማም በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተውና ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል አለ። ከክፍለ ሀገር አውቶቡስ ወርደው የታመመ ዘመዳቸውን እጅ ይዘው «አማኑኤል በየት በኩል ነው?» ብለው የሚጠይቁ ሰዎችን እናቲቱ ብዙ ጊዜ መንገድ አሳይተዋል። ብቻውን የሚመጣ ታማሚ እምብዛም አያዩም፤ አስታማሚ አለው።

ለዚህ ነው መሰለኝ፣ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁኝ ስለ መድኃኒቱ ያልሆነው። «ሲጨርስ እንዴት አድርጎ ቤቱ ይገባል?» አሉ። በዚያ ቀን መኪና መንዳት እንደማይፈቀድለት፣ ሰው ይዞት መሄድ እንዳለበት ነገርኳቸው። ስልካቸውን ከመቀነታቸው አወጡና እዚያው ደወሉ። እዚያ ሌሊት ነበር። «ልጄ፣» አሉት፣ «ስትወጣ በር ላይ የሚጠብቅህ ማን ነው?»